ውሃ አድማጯ ዘርፈሽዋል

ዘርፈሽዋል ለሥራ በተጠራችበት ቤት በር ላይ ጫማዋን እያወለቀች መጀመሪያ የምትጠይቀው «ቀን ቀን እቤት የሚውለው ማን ነው?» ብላ ነው። ሰው ግር ይለዋል። የሚያፈስ ቧንቧ ልታይ የመጣች ሴት የቤተሰብ ቆጠራ ስትጀምር ምን ይባላል? አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ «ምነው፣ ቤቱን ለሌባ ልትጠቁሚ ነው?» ብሎ ይቀልድባታል። እሷ ግን መልሱን ሳታገኝ የመሣሪያ ሣጥኗን አትከፍትም። ይህን ልማድ ያመጣችው ከጠልሀ ቤት ነው። ጊዜው በፈረንጆቹ 2007 ጥር ላይ ነበር፤ በረዶው ተደራርቦ ወርዶ ከአሜሪካዋ ዴንቨር ጎን ያለችው የኦሮራ ከተማ መንገዶች ግራና ቀኝ በነጭ ግንብ የታጠሩ በሚመስሉበት ሰሞን።

ጠልሀ ታክሲ ነጂ ነው። ከኮልፋክስ ጎዳና ወረድ ብሎ ያለው ቤቱ በሃምሳዎቹ ዓመታት የተሠራ፣ ምድር ቤት የሌለው፣ ወጥ በሆነ የኮንክሪት ወለል ላይ የተቀመጠ ዝቅ ያለ ቤት ነው። የውሃውም የፍሳሹም ቧንቧ ከኮንክሪቱ ሥር አፈር ውስጥ ተቀብሯል። ቤቱን ሲገዛ ስለ ቧንቧ አላሰበም። ያየው ደረጃ የሌለው መሆኑን ነው። እናቱ ወይዘሮ ሰውዳ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ አይሆንላቸውም፤ ከአዲስ አበባ ያስመጣቸውም ይህን ቤት ካገኘ በኋላ፣ ባለፈው ነሐሴ ነው።

በታኅሣሥ ማለቂያ ላይ ሁሉም ነገር ተዘግቶ ሳለ የውሃ ቆጣሪው መዞሩን እንዳልተወ ታወቀ። ውሃ የሚያሞቀው ቦይለር ያለ ዕረፍት ይነድዳል። ብዙም ሳይቆይ የመተላለፊያው ግድግዳ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ። ጠልሀ አንድ የቧንቧ ድርጅት ጠራ። ሁለት ሰዎች ሙቀት የሚያሳይ ካሜራ ይዘው መጡ፤ ወለሉ ከሁሉ ይበልጥ የሞቀው ሽንት ቤቱም ባለበት በመታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ መሆኑን አዩና እዚያው ኮንክሪቱን ሰበሩ። ከሥሩ የሞቀ ጭቃ ወጣ፤ ቧንቧው ግን ደህና ነበር። አንድ ክንድ ፈቀቅ ብለው ደግመው ሰበሩ። አሁንም ጭቃ፣ አሁንም ደህና ቧንቧ። በመጨረሻ «መተላለፊያው ከዳር እስከ ዳር ይነሣ፤ እናንተም ሦስት ሳምንት ቤቱን ልቀቁ» ብለው ሄዱ።

ቤቱን መልቀቅ ማለት ወይዘሮ ሰውዳን ሴንቴኒያል በሚባለው አጎራባች ከተማ ወዳለው ወደ ሁለተኛው ልጃቸው ወደ ሙኒብ ቤት መውሰድ ማለት ነው። የሙኒብ ቤት ሰፊ ነው፣ ያማረ ነው፤ መኝታ ክፍሎቹም መታጠቢያውም ግን ፎቅ ላይ ናቸው። ኅዳር ላይ ለአንድ ቀን ሊጠይቁት ሄደው ከዚያ ደረጃ ላይ ተንሸራተው፣ አጥንታቸው ለጥቂት ነው የተረፈው። ከዚያ ወዲህ ሴንቴኒያል የሚለው ስም ሲነሣ እንኳ የሁለት እጃቸውን መዳፍ ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ።

«እስቲ እትዬ ዘርፈሽዋልን እንጥራ» ያለችው የጠልሀ ሚስት ዛኪያ ናት።

ዘርፈሽዋል ያኔ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነበር። ዴንቨርና ኦሮራ ባሉ ሐበሾች ዘንድ ስሟ ይነሣል። ባሎች ለሥራ በወጡበት ሰዓት ወንድ ቧንቧ ሠራተኛ ማስገባት የሚከብዳቸው ሴቶች ለእሷ ግን በራቸውን በሰፊው ይከፍታሉ። ከዚያም በላይ ግን ስሟን ያስጠራው ጆሮዋ ነው።

አዲስ አበባ ሳለች በከተማው የውሃ መሥሪያ ቤት የቆጣሪ ንባብ የምትመዘግብ ጸሐፊ ነበረች። ከመሬት ሥር የሚያፈስ ቧንቧ የሚፈልገውን ቡድን የሚመሩት ጋሽ በዛብህ የሚባሉ ሰው ነበሩ። መሣሪያቸው ቁመቱ ከደረት የሚደርስ አንድ የብረት ዘንግ ነው። አንዱን ጫፍ ቧንቧው ላይ ተክለው፣ ሌላውን ጆሮአቸው ላይ ደግፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንድ ቀን ዘርፈሽዋል በመስኮት አይታቸው ስትስቅ ያዟትና «ነይ እስቲ፣ የምትስቂበትን ስሚው» ብለው ወደ ጓሮ ወሰዷት። ዘንጉን ስትይዝ መጀመሪያ ምንም አልሰማችም። ቆይቶ ከታች፣ ከሩቅ፣ ጥርሱን ነክሶ የሚተነፍስ ሰው ያለ መሰላት።

«ሰው አለ!» አለች ደንግጣ።

ጋሽ በዛብህ አልሳቁባትም። በማግስቱ ወደ ቡድናቸው እንድትዛወር ደብዳቤ ጻፉ። አሥራ አንድ ዓመት አብራቸው ሠራች። የሚንጠባጠብ ውሃ፣ የሚፈስ ውሃ፣ በቀዳዳ ተጨንቆ የሚወጣ ውሃ፣ የእያንዳንዱ ድምፅ ለየቅል እንደሆነ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

ዲቪ ደርሷት ዴንቨር ስትመጣ ይህን ዕውቀት የሚጠይቃት ሰው አልነበረም። ሆስፒታል ውስጥ ወለል ትወለውል ጀመር። አንድ ቀን አንዱን ግድግዳ እያሳየች ለጥገና ክፍሉ ኃላፊ «እዚህ ውስጥ ውሃ አለ» አለችው። ሰውየው በትሕትና አመስግኖ አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት ግድግዳው ፈረሰ። ኃላፊው ወለል መወልወያዋን ይዛ ከቆመችበት መጥቶ «እንዴት አወቅሽ?» ሲላት፣ በነበራት እንግሊዝኛ ልትነግረው ሞክራ አልሆን ሲላት፣ የመወልወያውን እጀታ አዙራ ግድግዳው ላይ ተከለችና ጆሮዋን አስጠጋች። ሰውየው ገባው። ወደ ሙያው እንድትገባ ማመልከቻ የሞላላት እሱ ነው።

ከዚያ ያሉት ዓመታት ቀላል አልነበሩም። በአርባ ስድስት ዓመቷ ከጎረምሶች ጋር ክፍል ተቀመጠች። ሥራ ላይ ወንዶቹ «አያታችን መጣች» ይሏታል። ከቤት ሥር ባለ ጠባብ ቦታ በደረቷ ተስባ ገብታ፣ ሠርታ፣ ጭቃ ለብሳ ስትወጣ ዝም ይላሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ከዚያው ይጀምራሉ። የላይሰንስ ፈተናውን ሁለቴ ወደቀች፣ በሦስተኛው አለፈች። ጠልሀ ቤት ስትጠራ በራሷ ስም መሥራት ከጀመረች ስምንተኛ ወሯ ነበር።

ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር ግን ነበር። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ቀኝ ጆሮዋ፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንጀራ ያበላት ጆሮ፣ እየደከመ ነበር። የኮንክሪት መስበሪያው ጩኸት ይሁን ዕድሜ አታውቅም። ሐኪም ዘንድ አልሄደችም፤ ፈራች።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ደረሰች። በሩን የከፈተላት ጠልሀ ነው።

«እትዬ፣ እዚያ ነው ፓርክ ያደረግሽው? የበረዶ መጥረጊያው መኪና እንዳይቀብርብሽ።»

«ከቀበረው ቆፍሬ አወጣዋለሁ፤ ሥራዬ አይደል?»

ሊስቅ አለና ተወው። «ቁፋሮ የሚባል ነገር አታንሺብኝ፣ በጌታ! ይኸው ሁለት ጉድጓድ አለኝ። አሁን ልንገርሽ፣ አንድ ሦስተኛ እችላለሁ። አንድ! እሱም ባዶ ከሆነ ቅዳሜ እማዬን ይዤ ሴንቴኒያል ነኝ፤ ወለሉን እንደፈለጉ ያንሡት።»

«አንድ ይበቃኛል» አለች። አፏ ነው ያለው፤ ልቧ ግን እንደ አፏ አልነበረም።

ዘርፈሽዋል ስታደምጥ ቤት ሙሉ ጸጥ ማለት አለበት። ማቀዝቀዣውን አስነቀለች፣ ማሞቂያውን አስጠፋች፣ የግድግዳውን ሰዓት ሳይቀር አውርዳ ብርድ ልብስ ውስጥ ጠቀለለችው። ከዚያ የሴራሚኩ ወለል ላይ በሆዷ ተኝታ አጭር የብረት ዘንጓን ተከለች።

«ስልክ የምትደውል ነው የምትመስለው» አለ ጠልሀ በሹክሹክታ። «ማን አነሣ?»

«ዝም በል እስቲ!» ዛኪያ ክርኗን ጎኑ ላይ ሰካችበት። «ሂድ፣ ሂድ ወደ ሥራህ።»

ጠልሀ ሄደ። ዘርፈሽዋል መተላለፊያውን ክንድ በክንድ እየተሳበች አደመጠችው። ድምፁ በየቦታው አለ፤ የሚበረታው ግን ያው መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው፣ ሁለቱ ባዶ ጉድጓዶች አጠገብ። ቀድሞ ቢሆን ወጥቶ የሚፈሰውን ውሃ ከሚያፈሰው ቀዳዳ በአንድ አፍታ ትለየው ነበር። አሁን ሁለቱ እንደ ተቀየጠ እህል አንድ ላይ ሆነውባታል። በልብስ ሰፊ ጠመኔ ደፉ ላይ ምልክት አደረገች። በአውራ ጣቷ አጠፋችው። አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ ገባ አድርጋ ደግማ አሰመረች። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሆነች። በመጨረሻ፣ የትም ብሰብር ያው ነው በሚል ዓይነት ተስፋ መቁረጥ፣ የመስበሪያውን ገመድ ሶኬት ላይ ሰካች።

ያን ጊዜ የወይዘሮ ሰውዳ መኝታ ክፍል በር ተከፈተ። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ወጡ።

«ልታወጪው ነው እንዴ፣ ልጄ?»

«ምኑን፣ እማማ?»

«ማሞቂያውን ነዋ። ጠልሀ ለጉልበቴ ብሎ ከሥር ያስገባልኝን። እኒያ ፈረንጆች አበላሹት መሰለኝ። የሚጠገን ከሆነ ጠግኚልኝ እንጂ አታውጪብኝ።»

ዛኪያ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ዘርፈሽዋል ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለችና መስበሪያውን ቀስ አድርጋ አስተኛች።

«እማማ፣ ማሞቂያው መቼ ነው የጀመረው?»

«በረመዳን። ቀኑን እንኳ ልንገርሽ፣ ሁለተኛው ጁምዓ ነው። እዚያ ግድግዳው ውስጥ ያለው የብርድ ልብሱ ቁም ሣጥን ደጃፍ ስቆም እግሬ ሥር መዳፍ የምታህል ሞቅ ያለች ቦታ አገኘሁ። ማሻአላህ፣ ልጄ ሳይነግረኝ ሠራልኝ አልኩ። መስገጃዬን እዚያው አነጠፍኩ። ከዒድ በኋላ ሙቀቱ ወደዚህ ወረድ አለ፣ እኔም ተከተልኩት። ለአረፋ ግን ሽንት ቤቱ ደጃፍ ደረሰ። እዚያ አይሰገድ ነገር፤ እግሬን ብቻ ሞቅ ሞቅ አድርጌ እመለሳለሁ።»

«ለምን አልነገሩንም፣ እማዬ?» አለች ዛኪያ።

«ምን ብዬ? እሱ ዝም ብሎ ከሠራልኝ እኔ ምን ብዬ ላውራው? ሰው መልካም ሠርቶ ሲደብቅ እየገለጡ ማሳፈር ደግ ነው? ምርቃቱን ግን አላጓደልኩበትም።»

ዛኪያ አፏን በእጇ ያዘች። አማቷ ባለፉት ሦስት ወራት ጧት ጧት «የእግሬን ብርድ እንዳራቅክልኝ አላህ ክፉውን ሁሉ ያርቅልህ» እያሉ ጠልሀን ሲመርቁት፣ እሱ ስለገዛላቸው የሱፍ ካልሲ እየመሰለው «አሚን» ሲል ትሰማ ነበር። እንዲያውም ደስ ስላላቸው ሦስት ጥንድ ካልሲ ጨምሮላቸዋል።

ዘርፈሽዋል ግን አልሳቀችም። ቁም ሣጥኑን ነበር የምታየው። በቀስታ፣ ለራሷ የምትናገር ያህል «ካሜራው ያየው ውሃው የተኛበትን ነው» አለች። «የፍሳሹ ቧንቧ የተቀበረበትን ቦይ ተከትሎ ወርዶ ሽንት ቤቱ ጋ ተኛ። እማማ የሚነግሩን የተነሣበትን ነው።»

ወይዘሮ ሰውዳ ያን ጊዜ ነገሩ ገባቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «ማሞቂያ አይደለም?»

«አይደለም፣ እማማ። ሙቅ ውሃው ነው የሚያፈሰው።»

«እንግዲያ ቤቱን ያስበላሁት እኔ ነኛ! ሦስት ወር ቆሜበት!»

ዘርፈሽዋል ተነሥታ ጠመኔ የነካውን እጇን የሥራ ልብሷ ላይ ጠረገችና ክንዳቸውን ያዘች። «እርስዎ ባይቆሙበት ማን ያውቀው ነበር? ይምጡ፣ የመጀመሪያዋን ቦታ በእግርዎ ያሳዩኝ።»

ሴትየዋ ካልሲያቸውን አወለቁ። ባዶ እግራቸውን እየጎተቱ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እያሉ ሄደው ቁም ሣጥኑ ደፍ ላይ ቆሙ። «ከዚህ ነው የጀመረው። ሙቀቷ ከበሩ ውስጥ ወደዚህ የምትመጣ ነበረች።»

ዛኪያና ዘርፈሽዋል ብርድ ልብሱን፣ ሻንጣዎቹን፣ የበጋ ልብስ የታጨቀባቸውን ካርቶኖች አወጡ። የሣጥኑ ወለል ኮንክሪቱ ላይ በተነጠፈ ጣውላ ተሸፍኗል፤ ካሜራው ያላየውም ለዚህ ነው። ጣውላው ተነሣ። ዘርፈሽዋል ተንበርክካ ዘንጉን ተከለችና ቀኝ ጆሮዋን አስጠጋች። ምንም የለም። ትንፋሿን ያዘች። አሁንም ምንም። ዘንግ ከያዘች ጀምሮ አንድም ቀን ያላደረገችውን አደረገች፤ ተገላብጣ ዘንጉን ወደ ግራ ጆሮዋ አዞረችው።

ጥርሱን ነክሶ የሚተነፍስ ሰው ከታች አለ።

ጠልሀ ለምሳ ሲመለስ መተላለፊያው በብርድ ልብስና በሻንጣ ተሞልቶ፣ እናቱ ከመሃል ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ዘርፈሽዋል ቁም ሣጥን ውስጥ በጠመኔ አራት ማዕዘን ስታሰምር ደረሰ።

«እዚህ ደግሞ ማን ላከሽ?»

«እናትህ።»

ዛኪያ እየሳቀችም እየተርበተበተችም ነገረችው። ወሬው ካልሲው ጋ ሲደርስ ጠልሀ ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ ግን ቁም ነገሩን ያዘ። «ሁለት ሰው በካሜራ ያጣውን እማዬ በመስገጃ አገኘችው ነው የምትሉኝ? እትዬ፣ አንቺስ? በጆሮሽ ሰምተሽዋል?»

«አዎ» ብትል ይበቃ ነበር። ጆሮዋን የሚያውቅ ሁሉ ያምናታል። ዘርፈሽዋል ጠመኔውን እጇ ውስጥ አገላበጠች።

«በግራ ጆሮዬ ሰማሁት» አለች። «ቀኙ ደክሞብኛል፣ ጠልሀ። ቅድም እሱን አምኜ ሽንት ቤቱ ደፍ ላይ ልሰብርብህ ነበር፤ እማማ ባይወጡ ሰብሬው ነበር። ስለዚህ ጆሮዬን ብቻ ብለህ አትፍቀድልኝ። በእናትህ እግርና በግራ ጆሮዬ፣ በሁለቱ፣ እምልልሃለሁ። ካልፈለግህ ደግሞ አልቀየምህም።»

ጠልሀና ዛኪያ ቧንቧ ሠራተኛ እንዲህ ሲናገር ሰምተው አያውቁም። ይሄኔ ሌላው ቢሆን ስሙን ያስቀድማል፤ ይህች ሴት ግን ያላትን ሁሉ አውጥታ ከፊታቸው አስቀመጠች፣ የደከመውንም ጭምር።

«ስበሪው» አለ ጠልሀ።

በሩን በፕላስቲክ ጋረደች። መስበሪያው ሲጮኽ ቤቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ ወይዘሮ ሰውዳ በወንበራቸው ሆነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ኮንክሪቱ ተነሣ፣ ጠጠሩ ተነሣ፣ ከሥሩ ጥቁርና አጣባቂ ጭቃ መጣ።

«ዋልካ» አለች ዘርፈሽዋል እየቆፈረች። «አገርም ያለ ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ግድግዳህን ያነሣብህ ይኸው ነው።»

ቧንቧው ሲቃረብ አካፋውን ጥላ የወጥ ቤት ማንኪያ ጠየቀች። በማንኪያ፣ እንደ ሕፃን ምግብ ጥቂት ጥቂት እያነሣች፣ መዳቡን ገለጠችው። አረንጓዴ ዝገት የከበበው አንድ ነጥብ ታየ። አጠገቡ ሹል ድንጋይ አለ፤ ሃምሳ ዓመት ቧንቧው ሲሞቅና ሲበርድ በተሳበ ቁጥር ሲፍቀው ኖሯል። ከነጥቡ እንደ ክር የቀጠነ ውሃ ተስፈንጥሮ የዘርፈሽዋልን ጉንጭ መታው።

«ያ አላህ!» አለ ጠልሀ። ጭቃው ላይ ተንበረከከ። «ያ አላህ፣ በቃ ይሄ ነው? ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት። ውሃውን ዝጋልኝ።»

የተበላውን ቆርጣ አወጣች፤ አዲስ መዳብ ለክታ፣ ጫፉን አሸት አሸት አድርጋ ገጠመችና በየደችው። ድንጋዩን አውጥታ ለጠልሀ ሰጠችው፤ ምን እንደሚያደርገው ጨንቆት ኪሱ ከተተው። ቧንቧውን በፕላስቲክ ጠቅልላ አሸዋ አለበሰችው። ከዚያ ቦይለሩ አጠገብ የግፊት መለኪያ አሰረችና «አንድ ሰዓት» አለች። «ቀስቷ ከስልሳ ንቅንቅ ካላለች ሌላ ቀዳዳ የለም ማለት ነው። ካለች ግን አልዋሻችሁም፣ ወለሉ ይነሣል።»

ሄዳ መኪናዋ ውስጥ መጠበቅ ትችል ነበር። አልሄደችም። ዛኪያ ያቀረበችላትን ሻይ እንኳ ሳትጠጣ፣ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ ቀስቷን ትጠብቅ ጀመር። ጠልሀ ከኋላዋ ቆመ። ወይዘሮ ሰውዳ ወንበራቸውን አስመጥተው ከጎኗ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ እንደገና አደረጉ።

«ስልሳው የቱ ነው?»

«ይቺ ወፍራሟ መስመር፣ እማማ።»

«ሳያት እንዳትንቀሳቀስብኝ ዓይኔን ልንቀልባት?»

«አይንቀሉ፤ አብረን እንያት።»

ስልክ ጮኸ። ጠልሀ ቁጥሩን አየና «ሙኒብ ነው» ብሎ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አደረገው።

«ክፍሉን አዘጋጅተናል፤ አልጋውም ገብቷል» አለ ሙኒብ። «ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው የምታመጣት?»

ጠልሀ ዘርፈሽዋልን አየ። ዘርፈሽዋል ዓይኗን ከቀስቷ ሳታነሣ «አሥር ደቂቃ ቀርቶታል በለው» አለች።

«አሥር ደቂቃ ቀርቶታል ይሉሃል።»

«ምኑ?»

ሙኒብ መስመሩ ላይ ይጠብቃል። ቦይለሩ ጠፍቶ፣ ቆጣሪው ቆሞ፣ ሰዓቱ ገና ብርድ ልብሱ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ አራት ሰው በአንዲት ቀስት ላይ አፈጠጠ። ዘርፈሽዋል በመጨረሻ የእጅ ሰዓቷን አየች። መለኪያውን በጣቷ ጫፍ ሁለቴ መታ መታ አደረገችው። ቀስቷ ወፍራሟ መስመር ላይ ነበረች።

ወደ ወይዘሮ ሰውዳ ዞራ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀችላቸው።

ወይዘሮ ሰውዳ ስልኩን ከልጃቸው እጅ ወሰዱ።

«ሙኒብ፣ አልጋውን አውጣው» አሉ። «ልታየኝ ስትፈልግ አንተ ና። የእኔ ቤት ደረጃ የለውም።»